አጎበር ሥር የጠፉ ስሞች

እኔ ክፍል ስገባ የስም መጥሪያ ይዤ አልገባም። ይህ ጉራ ይመስላል፤ ጉራም ነው። ጋምቤላ ከተማ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተመድቤ ከመጣሁ ጀምሮ የአኙዋውንም፣ የኑዌሩንም፣ እንደኔ ከደጋ የመጣውንም ልጅ ስም ከነአባቱ በቃሌ ነው የምይዘው። ኦጁሉን ከኦባንግ፣ ኛማልን ከኛዳክ አምታትቼ አላውቅም ነበር። ባለቤቴ ጌታቸው በዚህ ይገረማል። እሱ ባጃጅ ይነዳል፤ የከተማውን መንገድ ጉድጓዱን ሳይቀር ያውቀዋል፣ ግን ስንት ዓመት ኖሮ አንድ የኑዌር ስም አስተካክሎ መጥራት አይሆንለትም። ደንበኞቹን ሁሉ «ወንድሜ»፣ «እህቴ» እያለ ተገላግሏል።

ከዚህ ሁሉ ጉራ በኋላ አንድ ቀን ጠዋት፣ ፊት ለፊቴ የተቀመጠውን ልጅ ስም አጣሁት። ጥያቄ ጠይቄ እጁን አውጥቷል። ልጁን አውቀዋለሁ፣ እናቱን አውቃታለሁ፣ ታላቅ እህቱንም አስተምሬያታለሁ። ስሙ ግን የለም። «አንተ» አልኩት በመጨረሻ። ልጁ ወደ ኋላው ዞሮ ሌላ ሰው ፈለገ፤ ቲቸር የሺ «አንተ» ብላው አታውቅማ።

ይህን የምጽፈው ወባ ባለበት አገር አጎበር ሥር ለሚያድር ሁሉ ነው። ደግሞም በስልካቸው ላይ «አንጎልን የሚያጸዳ ቅጠል» የሚል ቪዲዮ አይተው ተስፋ ላደረጉ ሰዎች ነው። ተስፋቸውን ልቀማቸው አልፈልግም፤ እኔንም ቅጠሉ አግዞኛል ብዬ አምናለሁ። ግን ከቅጠሉ በፊት መታወቅ ያለበት ነገር አለ፤ እኔ እሱን ሳላውቅ ብዙ ተንገላታሁ።

ሕመሙ የጀመረኝ ትምህርት በተከፈተ ሰሞን ነው። ጠዋት ስነሳ ራሴን ያዞረኛል፣ አፌ ምራቅ ይሞላል፣ ሆዴን ይቆርጠኛል። ያልበኛል፤ ጋምቤላ ውስጥ ያልበኛል ብሎ የሚያማርር ሰው ግን መሳቂያ ስለሚሆን እሱን ለማንም አልተናገርኩም። ወደ ቀትር ሻል ይለኛል። በማግስቱ ጠዋት እንደገና እዚያው ነኝ። ቆየት ብሎ ጠመኔ የያዘ እጄ ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ ሰሌዳው ላይ የጻፍኩትን እኔው ራሴ ማንበብ አቃተኝ።

እዚህ ከተማ ራስ ምታት ካለ ወባ ነው፤ ሌላ ነገር ይሆናል ብሎ የሚጠብቅ የለም። ጤና ጣቢያ ሄጄ ደም ሰጠሁ። ደሜ ወባ አላሳየም፤ ምልክቱ ስላለ ግን መድኃኒቱን ወሰድኩ። አልተሻለኝም። የግል ክሊኒክ ሄድኩ፤ ታይፎይድ ነው ተባልኩና ሌላ መድኃኒት ዋጥኩ። ሦስተኛው ቦታ ጨጓራ ነው አለኝ። አራተኛው ዓይኔን መርምሮ መነጽር አዘዘልኝ፤ መነጽሩን አድርጌ ክፍል ስገባ ልጆቹ አጨበጨቡልኝ፣ እኔ ግን አሁንም ሰሌዳውን በጭጋግ ውስጥ ነበር የማየው። አምስተኛው ቦታ የነበረው ሐኪም ጥሩ ሰው ነው፤ ጊዜ ወስዶ አዳመጠኝና «ጭንቀት ነው፤ ልጆቹ በዝተውብሽ ይሆናል» አለኝ። ጭንቀቱስ ልክ ነበር።

ክሊኒክ መቀመጥ ራሱን የቻለ ሕይወት ነው። አግዳሚው ላይ ተራችንን እየጠበቅን፣ መብራት ሲሄድ የጣሪያው ማራገቢያ ቀስ እያለ ሲቆም ሁላችንም ቀና ብለን እናየዋለን። አንዴ ከጀዊ የስደተኞች ጣቢያ ልጇን ይዛ የመጣች እናት አጠገቤ ነበረች። ምራቄን በመሐረብ ስጠርግ አይታ፣ ለልጇ የያዘችውን ውሃ ከነኩባያው ሰጠችኝ። የጋራ ቋንቋ አልነበረንም። ያን ውሃ እስካሁን አልረሳሁትም፤ በዚያ ወቅት ስንቱን ነገር እየረሳሁ እሱን አለመርሳቴ ይገርመኛል።

ጌታቸው በሽታዬን ወባ ነው ብሎ ወስኗል፤ ማንም ምንም ቢል አይሰማም። ምክንያት አለው። እዚህ በመጣ በመጀመሪያው ክረምት ታላቅ ወንድሙን ወባ ነጥቃዋለች። ከዚያ ወዲህ ትንኝ ሲያይ ፊቱ ይቀየራል። ከእኛ ቤት አንድ ደህና አጎበር ነበር፤ እሱን ለእኔ ሰቀለልኝ። እሱ ሙቀቱ ስለማያስተኛው በረንዳ ላይ የጠፍር አልጋ ዘርግቶ፣ አሮጌውን አጎበር አንጠልጥሎ ያድራል። በታመምኩ ቁጥር «ውጪ አትቀመጪ፣ አጎበርሽ ውስጥ ግቢ» ይለኛል። እገባለሁ። ከትምህርት ቤት መልስ፣ ቅዳሜና እሑድ ሙሉ ቀን፣ እዚያው ውስጥ ተጠቅልዬ እተኛለሁ። በሙቀቱ ላብ በላብ ሆኜ፣ መረቡ ክንዴና ጉንጬ ላይ እየተለጠፈ።

ሌሊት ሌሊት የምፈራው ሞትን አልነበረም። እናቴ በስተርጅናዋ ሰው መለየት አቅቷት ነው የሞተችው፤ እኔን «ማን ልበል» እያለችኝ። የእሷ በሽታ ቀድሞ መጣብኝ ብዬ ነበር የማምነው። ለጌታቸው አልነገርኩትም፤ እሱ ወባ ይበል፣ ይሻለዋል አልኩ። በጨለማ ተጋድሜ የክፍሌን ስም ከፊተኛው መደዳ ጀምሬ ለራሴ እጠራለሁ፤ መሐል ላይ ይጠፋብኛል፤ እንደገና ከፊት እጀምራለሁ።

በትምህርት ዓመቱ አጋማሽ እረፍት ታላቅ እህቴ እትዬ አልማዝ ወዳለችበት አቦቦ ሄድኩ። እሷና ባሏ ከደጋ መጥተው እዚያ ሠፍረው ያርሳሉ። ስታየኝ ጮኸች፤ ከስቼ ነበር። አጎራባች ማሳዋ የአጁሉ ነው። አጁሉ የአኙዋ ሴት ናት፤ የእትዬ ጓደኛ፣ ሳቂታ፣ አማርኛዋን እንደመጣላት የምትናገር። ገና ጠዋቱን ቀዩን የከርከዴ አበባ አፍልታ፣ አቀዝቅዛ ይዛልኝ መጣች። ማታ የሽፈራው ቅጠል ቀቅላ መጣች። በማግስቱም እንዲሁ።

«ቲቸር፣ ይሄ ጠጣ። ይሄ ደግሞ ብላ። ራስ ጥሩ ይሆናል» አለችኝ።

ጠጣሁ፣ በላሁ። ማንጎውም ነበረ። እውነቱን ለመናገር ከሳምንት በኋላ ጠዋት ስነሳ ራሴ ቀሎኝ ነበር። ምራቁ ቆመ። ክር መርፌ ውስጥ አስገባሁና እትዬን ጠርቼ አሳየኋት፤ ሁለታችንም አለቀስን። ስሞቹም አንድ በአንድ ይመጡ ጀመር፤ ልብስ ሳጥብ ድንገት «ኦሞድ» እላለሁ፣ ውሃ ስቀዳ «አሪየት» እላለሁ። አጁሉ የልጆቿን ጓደኞች የምጠራ መስሏት ትስቅብኛለች። ከዚያ እኔ ያየሁትን ሁሉ ማመን ጀመርኩ። ለጌታቸው ደውዬ መድኃኒቴን አገኘሁት አልኩት። እሱም ስልኩ ላይ ፈልጎ ሽፈራው አንጎልን ከመርዝ ይጠብቃል የሚል ቪዲዮ ላከልኝ። ቪዲዮው መጨረሻ ላይ ዱቄቱን የሚሸጥ ሰው ስልክ ቁጥር ነበረበት፤ እኛ ግን አጁሉ ነበረችን፤ ከረጢት ሙሉ ደረቅ ቅጠልና ከርከዴ አስይዛ ሸኘችኝ።

ቤቴ ስገባ ጌታቸው ደስ ብሎት አልጋውን አንጥፎ፣ አጎበሬን አጥቦ ሰቅሎ ጠበቀኝ። ይሸት ነበር። ግን ከጤና ኬላ አዲስ አጎበር ሲታደልም ይሸታል፤ ስለዚህ አልጠየቅኩም፤ ደግ ባል አለኝ ብዬ ተኛሁ። ሳምንት ሳይሞላ ምራቄ ተመለሰ። ቅጠሉን አበዛሁት። ጠዋት እጠጣለሁ፣ ቀትር እጠጣለሁ፣ ማታ እጠጣለሁ፤ ሽንቴ ሳይቀር ቀላ። እጄ ግን ጽዋውን እስኪደፋ ድረስ ተንቀጠቀጠ። እውነቱን ልናገር፣ ከመጀመሪያው ሕመም ይልቅ ይህኛው ነው የሰበረኝ። መድኃኒቴን አግኝቼው ነበርና።

ርዕሰ መምህራችን ቢሮው ጠራኝ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ወንበር ስቦልኝ ነው የተናገረው። እስኪሻለኝ ቤተ መጻሕፍት እንድቀመጥ፣ ክፍሌን ሌላ መምህር እንዲይዘው ጠየቀኝ። «እስኪሻልሽ» ያለው ነገር መቼም እንደማይሻለኝ ያመነ ሰው ንግግር ሆኖ ተሰማኝ። መጻሕፍት መሐል ተቀምጬ፣ በመስኮት የልጆቼን ድምፅ እሰማለሁ። አዲሱ መምህር ስም ተሳስቶ ሲጠራ እሰማለሁ፤ ላርመው እልና እኔም ይጠፋኛል።

በመጨረሻ ሆስፒታል ተላክሁ። ጌታቸው ባጃጁን አቁሞ አብሮኝ መጣና ከደጅ አግዳሚው ላይ ተቀመጠ። ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት። መብራት ስላልነበረ ክፍሉ ደብዘዝ ብሏል። ታሪኬን ከመስማቷ በፊት ፊቴን ወደ ጥላው አዙራ ዓይኔን ለረጅም ጊዜ አየችኝ። በእንዲህ ያለ ጨለማ የዓይኔ ብሌን መስፋት እንደነበረበት፣ የእኔ ግን የመርፌ ጫፍ እንደሚያህል ነገረችኝ። ከዚያ ማንም ያልጠየቀኝን ጠየቀችኝ። ጠዋት ይብሳል ወይስ ማታ? ተሽሎዎት ያውቃል? የት ነበሩ ያኔ? አቦቦ አልኳት፤ ስለ ቅጠሉም በኩራት ነገርኳት። ጽፋ ስትጨርስ ቤት ውስጥ የሚረጭ ነገር ትጠቀሙ እንደሆን ጠየቀች። የለም አልኩ፤ የለም መስሎኝ ነበር። ባለቤቴን የሚጠራ ሰው ላከች።

ጌታቸው ኮፍያውን አውልቆ ገባ።

«ባለቤትዎ የሚተኙበት አጎበር ላይ የተጨመረ ነገር አለ?» አለችው።

«አለ እንጂ» አላት፤ ፊቱ በራ። «እኔ ራሴ ነኝ የነከርኩት። የሚታደለው ሲቆይ ይደክማል፤ ትንኝ ላዩ ላይ አርፎ አይሞትም። የእኔ ግን ገና ሲቀርበው ነው የሚወድቀው። ባጠብኩት ቁጥር፣ በታመመች ቁጥር እንደገና እነክረዋለሁ።»

«በምን?»

«በበቆሎው ፀረ ተባይ። ገበያ ላይ ይገኛል፣ በባዶ የውሃ ፕላስቲክ ቀንሰው ይሸጡታል።»

ሐኪሟ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ጌታቸው እሷን አየ፣ እኔን አየ፤ ከዚያ ፈገግታው ቀስ ብሎ ጠፋ። ያንን ፊቱን ባላየው እመርጥ ነበር።

ሐኪሟ ቀስ ብላ አስረዳችን። ይህ ዓይነቱ ኬሚካል ተባዩን የሚገድለው ነርቩን ይዞ ነው፤ የሰውም ነርቭ ከዚያ አይለይም። ነርቭ ለነርቭ የሚልከውን መልእክት ማቆም ያቅተዋል፤ ስለዚህ ምራቅ ይበዛል፣ ላብ ይበዛል፣ ብሌን ይጠባል፣ ጡንቻ ይንቀጠቀጣል። ጥቂት በጥቂት፣ በላብ በራሰ ቆዳና በትንፋሽ ለወራት ሲገባ ደግሞ ትውስታን ይነካል። በጤና ተቋም የሚታደለው አጎበር የተነከረበት ነገር ግን ሰው እንዲተኛበት ተመርጦ፣ ተመጥኖ የተሠራ ሌላ ነገር ነው፤ እሱን አትፍሩ አለችን። የእናቴ በሽታ ነው ብዬ እንደፈራሁ ነገርኳት። አይመስለኝም አለችኝ፤ ያኔ ፊት ለፊቷ ተንሰቅስቄ አለቀስኩ፤ በደስታ።

«ታዲያ ቅጠሉ ውሸት ነው?» አልኳት በኋላ። አጁሉ ዓይኔ ላይ መጥታብኝ ነበር።

«ውሸት አይደለም» አለችኝ። «መርዝ ሰውነት ውስጥ ሲገባ ሕዋሳትን እንደ ብረት ያዝጋል። ከርከዴውም፣ ሽፈራውም፣ ማንጎውም ያንን ዝገት የሚከላከል ነገር አላቸው፤ አንቲኦክሲደንት የሚሉት እሱን ነው። አንጎልንም ይጠብቃል ተብሎ ይጠናል፣ ግን እስካሁን በአብዛኛው የታየው በቤተ ሙከራ እንስሳት ላይ ነው። ሰውን ይህን ያህል ይመልሳል ብዬ ልምልልዎ አልችልም። በምግብዎ ይብሉት፣ ጥሩ ምግብ ነው። መጀመሪያ ግን መርዙ ይቁም። መርዙ በየሌሊቱ እየገባ ምንም ቅጠል አይችለውም።»

ለጥቂት ጊዜ አስተኝተው መድኃኒት ሰጡኝ። ጌታቸው ቤት ሄዶ አጎበሩን ባሮ ወንዝ ወስዶ ሊያጥበው ተነስቶ ነበር፤ ሐኪሟ ዓሣው ያልቃል ብላ ከለከለችው። ማቃጠልም አይሆንም፣ ጭሱ ያው መርዝ ነው አለችው። በላስቲክ ጠቅልሎ ለጤና ጽሕፈት ቤት አስረከበ። ፍራሹን አወጣ፣ አንሶላውን በጓንት አጥቦ አጥቦ ጣለው። ከጤና ኬላ አዲስ አጎበር ተሰጠን።

አልዋሽም፣ ተቆጣሁት። ቤት ከተመለስኩ በኋላ ብዙ ቀን አላናገርኩትም። ስንት ክሊኒክ ስዞር፣ እናቴን በልቤ ስከስስ፣ ልጆቼን ሳጣ፣ እሱ በእጁ እየነከረ! ልጅ ብንወልድ ኖሮ አብሮኝ እዚያ ሥር ይተኛ ነበር ብዬም አሰብኩ። እሱም አይበላም፤ ባጃጁን ጠዋት ያስነሳል፣ ማታ ያቆማል። አንድ ማለዳ በረንዳውን ልጠርግ ወጥቼ ያን የሱን አሮጌ አጎበር አየሁት። ቀዳዳው ጭንቅላት ያስገባል። በክር ሰብስቦ፣ አልበቃ ሲለው በካልሲ ወትፎታል። ወባን ከማንም በላይ የሚፈራ ሰው እዚያ ሥር ነበር ያደረው፣ ደህናው ለእኔ እንዲሆን። መጥረጊያውን ጥዬ ገባሁና «ቁርስ ብላ» አልኩት።

«እኔ እኮ ልገድልሽ ነበር የሺ» አለኝ።

«አልተሳካልህም፤ ብላ» አልኩት።

ከዚያ በኋላ ማገገሜን ሥራው አደረገው። አጁሉ ከአቦቦ በሚመጣ ሰው ሁሉ ቅጠል ትልካለች፤ እሱ ወጡ ውስጥ ይጨምረዋል፣ ከርከዴውን በማሰሮ አፍልቶ ያቀዘቅዛል። ዱቄት አልገዛንም። ቅጠሉ ምን ያህሉን እንደሠራ፣ ንጹሑ አየር ምን ያህሉን እንደሠራ ለይቼ ልነግራችሁ አልችልም። ምግቤ አድርጌዋለሁ፤ አሁንም እበላዋለሁ። እናንተም ብሉ። ግን በፊት ቤታችሁን፣ አልጋችሁን፣ እህል ያስቀመጣችሁበትን ክፍል አሽትቱ፤ ለማሳ የተሠራ ነገር ቤት እንዳይገባ።

ጌታቸው ከርዕሰ መምህሩ የክፍሌን ልጆች ስም ዝርዝር ለምኖ አመጣ። ማታ ማታ በረንዳው ላይ ይፈትነኛል። እሱ የአባቱን ስም ይጠራል፣ እኔ የልጁን እመልሳለሁ፤ ከዚያ እሱ ሙሉውን ያነባል። ተሳስቶ ሲያነብ አርመዋለሁ፤ ይደግማል፤ አርመዋለሁ። በተለይ ኛቹኦል የምትባል ከኋላ የምትቀመጥ ልጅ አለች፤ የሷ ስም ምላሱን ጠልፎ ጣለው። «ያቹል» ይላል። «ኛ» እለዋለሁ። ባጃጅ ሲያጥብ ለብቻው «ኛ፣ ኛ» ሲል ጎረቤት ሰምቶ አሞት እንደሆን ጠየቀኝ። በሳቅ ሞትን። ያን ቀን ነው የምድን የመሰለኝ።

እጄ ቀስ በቀስ ጸና። መነጽሩን መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት። ሐኪሟ ብሌኔን ዳግመኛ አይታ ደህና ነው አለች፤ ትውስታው ግን ጊዜ እንደሚወስድ፣ ሙሉ በሙሉ ባይመለስም እንዳልደነግጥ ነገረችኝ። ዓመቱ ሳያልቅ ርዕሰ መምህሩ ክፍልሽን ትሞክሪያለሽ ወይ አለኝ።

ጌታቸው በባጃጁ አደረሰኝ፤ ሂድ ብለው አልሄደም፣ ስሞቹን ስጠራ ሊሰማ ከክፍሉ መስኮት ሥር ጥላ ፈልጎ አቆመ። ያለ ወረቀት ገባሁ። ልጆቹ ተነሱ። ከፊተኛው መደዳ ጀመርኩ፤ ያን «አንተ» ያልኩትን ልጅ መጀመሪያ ጠራሁት። «ኦጁሉ።» «አቤት» አለ ሳቅ እየተናነቀው። ኦባንግ፣ አሪየት፣ ኛማል፣ ጋትሉዋክ፣ ትዕግሥት፣ ኦሞድ። ስሞቹ ይመጣሉ፤ አንዳንዱ ዘግይቶ፣ ግን ይመጣል። ልጆቹ ምን እየሆነ እንዳለ ያውቃሉ።

የመጨረሻው መደዳ ጥግ ላይ አንዲት ልጅ ቀረች። አየኋት። አየችኝ። ከንፈሬን ከፈትኩ፤ ምንም የለም። ላቤ ሲመጣ ተሰማኝ፤ ልክ እንደዚያን ጊዜ። ልጅቷ ቀስ ብላ አንገቷን ደፋች።

«ኛቹኦል!» አለ ከመስኮቱ ውጪ የጌታቸው ድምፅ፣ ጥርት ብሎ።

ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። እኔም ሰሌዳውን ተደግፌ ሳቅሁ። ኛቹኦል ብድግ ብላ፣ ወደ መስኮቱ ዞራ፣ ለባጃጅ ነጂው «አቤት» አለችው።